ለከባድ ጉዳተኛ ምን እንግዛ? ከእንቁላል እስከ ኦሜጋ ትሪ፣ ለድሬና ለሐረር አስታማሚዎች የንጽጽር መመሪያ

ዘመድ በመኪና አደጋ ተጎድቶ ድል ጮራ ወይም ሕይወት ፋና ሲተኛ የመጀመሪያው ቀን ደም በማፈላለግና በራጅ ሩጫ ያልቃል። ከዚያ ጠያቂ ይበዛል፣ ምክርም አብሮ ይበዛል። አክስት «የዓሣ ዘይት ብግነት ያጠፋል» ትላለች፤ ከጅጅጋ የደወለ አጎት ጥቁር አዝሙድ በማር ያዛል፤ ጂም የሚሠራው ወንድም የፕሮቲን ዱቄት ተሸክሞ ይመጣል። መድኃኒት ቤት ስለምሠራ ክርክሩ ዞሮ ዞሮ ባንኮኒዬ ላይ ይደርሳል። ብሩ ግን አንድ ነው፤ ለክኒን የወጣ ለእንቁላል አይተርፍም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብሩ መሄድ ያለበት ወደ ፕሮቲንና ጉልበት ሰጪ ምግብ ነው። «ብግነት አጥፊ» ተብለው ከሚሸጡት አብዛኞቹ በትልልቅ ጥናቶች ተፈትነው የሚጠበቅባቸውን አላደረጉም፤ አንዳንዶቹ ጎድተዋል። ዝርዝሩን አብረን እንየው።

ሰውነት ውስጥ ምን እየሆነ ነው?

ብግነት፣ ማለትም ሰውነት ለጉዳት የሚሰጠው የመቅላትና የማበጥ ምላሽ፣ መጥፎ ነገር ብቻ አይደለም። ቁስልን የሚያጸዳው፣ የተሰበረ አጥንት ላይ ጥገናውን የሚያስጀምረውም እሱ ነው። ችግር የሚመጣው ጉዳቱ ሲከብድ ነው። ጭን፣ ደረትና ጭንቅላት አንድ ላይ ሲጎዱ ወይም ቃጠሎው ሲሰፋ ብግነቱ ከቁስሉ ቦታ ወጥቶ መላ ሰውነትን ያዳርሳል። ትኩሳት ይነሳል፣ ልብ ይፈጥናል፣ የስኳር ሕመም የሌለበት ሰው ሳይቀር ስኳሩ ይወጣል፣ ጡንቻም ይሟሟል። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዴቪድ ከትበርትሰን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. እግራቸው የተሰበረ ሰዎችን ሽንት ሲመረምር ከወትሮው በጣም የበዛ ናይትሮጅን አገኘ። ምንጩ የፈረሰ ጡንቻ ነበር። በዚህ ወቅት ሰውነት የራሱን ማገር እየነቀለ ምድጃ እንደሚያነድ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኙ ሰዎችን የጭን ጡንቻ በአልትራሳውንድ እየለካ በ10 ቀን ውስጥ 18 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል።

ምግብ ይህንን ፈጽሞ አያቆመውም። ብግነቱ እስኪበርድ ድረስ ፍርሻው ይቀጥላል። ምግብ ኪሳራውን ይቀንሳል፣ ለጥገናው የሚሆን ዕቃም ያቀብላል። ይህን የማነሳው «አንድ ሳምንት ሙሉ አብልተነው ለምን ከሳ?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ስለሚመጣ ነው። ጥፋቱ የአብሳዩ አይደለም።

ሌላም አለ። የላብራቶሪ ወረቀቱ ላይ አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን ዝቅ ብሎ ሲታይ ቤተሰብ ይደነግጣል፣ «ፕሮቲን አነሰው» ተብሎ ግዢ ይጀመራል። ከከባድ ጉዳት በኋላ አልቡሚን የሚወርደው በዋናነት በብግነቱ ምክንያት ነው። ከደም ሥር ወደ ውጭ ይሰርጋል፤ ጉበትም ሥራውን ትቶ ለአደጋው የሚያስፈልጉ ሌሎች ፕሮቲኖችን ያመርታል። ቁጥሩ ሰውየው ምን ያህል እንደታመመ እንጂ ትናንት ምን እንደበላ አይናገርም።

ስንት ያስፈልገዋል?

በጽኑ ሕሙማን መመሪያዎች ላይ ያለው የፕሮቲን መጠን በአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1.2 እስከ 2 ግራም ነው። ጉልበቱ ደግሞ አጣዳፊው ወቅት ሲያልፍ በኪሎ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በኪሎ 1.5 ግራም ብንይዝ 90 ግራም ፕሮቲንና ከ1,500 እስከ 1,800 ኪሎ ካሎሪ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚለካው በእሱ ነው።

ብዙ በተሰጠ ቁጥር ይሻላል ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመና በ16 አገሮች ወደ 1,300 ታማሚዎችን የያዘ ጥናት በኪሎ 2.2 ግራምና ከዚያ በላይ የታዘዘላቸውን ከ1.2 ካልበለጠላቸው ጋር አወዳድሮ ምንም ብልጫ አላገኘም። ኩላሊታቸው የተጎዳባቸው ሰዎች እንዲያውም የባሰ ሁኔታ ላይ የወደቁ ይመስላል።

ግሉኮስ፣ የቤት ምግብ፣ ቆርቆሮ

«ግሉኮስ ተሰክቶለታል፣ ምግብ አይቸግረውም» የሚለው አባባል መቆም አለበት። አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ 50 ግራም ስኳር አለው፤ ወደ 170 ኪሎ ካሎሪ፣ ከአንድ ዳቦ አይበልጥም። ሦስት ከረጢት ቢገባለት እንኳ የቀኑን ሲሶ ገደማ ቢሞላ ነው፣ ፕሮቲኑም ዜሮ ነው። የጨው ውኃው ደግሞ ጉልበት የሚባል የለውም። የመስመሩ ሥራ ፈሳሽና መድኃኒት ማድረስ ነው። ስለዚህ በጉብኝት ሰዓት ሐኪሙን የምትጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «መቼ መብላት ይጀምራል?» ይሁን። ሆድና አንጀት ካልተጎዱ፣ የደም ግፊቱም ከተረጋጋ፣ በአፍም ሆነ በአፍንጫ ቱቦ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ መጀመር በዓለም ዙሪያ የሚመከር አሠራር ነው።

አፉ ለሚቀበል፣ ለሚያላምጥና ሳያስለው ለሚውጥ ሰው የቤት ምግብን የሚያስከነዳ ነገር የለም። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፣ አንድ ሊትር ወተት ከ30 በላይ፣ አንድ ኩባያ ወፈር ያለ ምስር 15 ያህል። አራት እንቁላል፣ አንድ ሊትር ወተት፣ አንድ ኩባያ ምስርና አንድ እፍኝ የባቢሌ ኦቾሎኒ በቀን ውስጥ ተከፋፍለው ከተሰጡ ወደ 80 ግራም ይጠጋሉ፤ እንጀራውና ዳቦው ቀሪውን ይሞላል። ችግሩ ሰሌዳው ላይ የሚያምረው ነገር ሆድ ውስጥ አለመግባቱ ነው። ሕመምተኛ አንድ ትሪ ሙሉ ሲያይ ይጠላዋል። በትንሽ ሰሃን፣ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ፣ ማለዳ ላይ ጠንከር አድርጋችሁ ስጡ፤ ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ራሱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ቁስል ከሚታጠብበት ሰዓት ጋርም አታጋጩት።

እንቁላሉ ይቀቀል። ጥሬ እንቁላል በወተት መትቶ ማጠጣት ብርታት ይሰጣል የሚለው እምነት እኛ አካባቢ ጠንካራ ነው። ሳልሞኔላን ወደ ጎን ብንተወው እንኳ ስሌቱ አያዋጣም። የተቀቀለ እንቁላል ፕሮቲን 90 በመቶ ያህሉ ሲፈጭ፣ የጥሬው ግማሽ ገደማ ነው የሚፈጨው። የግመል ወተትም እንደዚሁ። ፕሮቲኑ ከላም ወተት ጋር የሚቀራረብ፣ ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ሳይፈላ የተጠጣ ወተት ብሩሴላ ያመጣል። የመገጣጠሚያና የጀርባ ሕመም ያለው፣ ወራት የሚፈጅ ትኩሳት፣ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ማን ይመኝለታል? አፍልታችሁ ስጡ። ኦቾሎኒውን ደግሞ ለቅማችሁ ቁሉት፤ የሻገተውና የተጨማደደው ፍሬ አፍላቶክሲን ሊይዝ ይችላል፣ መቁላትም አያጠፋውም።

ቆርቆሮው፣ ማለትም ኢንሹርና መሰሎቹ በውኃ የሚበጠበጡ የምግብ ዱቄቶች፣ ምግብ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። 400 ግራም የሚመዝን የዚህ ዓይነት ዱቄት በአብዛኛው 60 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ይህ የ10 እንቁላል ፕሮቲን ነው። ጉልበቱ ግን ከ1,600 ኪሎ ካሎሪ ያልፋል፣ ቫይታሚኑም ተደምሮበታል። ለማወዳደር ቀላሉ መንገድ የቆርቆሮውን ዋጋ ጀርባው ላይ ለተጻፈው ጠቅላላ ፕሮቲን ማካፈል፣ ከዚያ ያንኑ በ10 እንቁላል ዋጋ ማድረግ ነው። ቀፊራ ገበያ ወርዳችሁ ሞክሩት፤ በፕሮቲን ብቻ ከተለካ እንቁላል አይሸነፍም። ቆርቆሮው ዋጋውን የሚያወጣው በሦስት ሁኔታ ነው። ሰውየው በአፍንጫ ቱቦ ሲመገብ፣ መንጋጋው ተሰብሮ በሽቦ ሲታሰር፣ ወይም ሦስት አራት ጉርሻ በልቶ በቃኝ ሲል። ለሌላው ከምግብ በላይ የሚጨመር እንጂ ምግብን የሚተካ አይሁን። ደግሞ አታቅጥኑት። ቆርቆሮው እንዲቆይ ብሎ ሁለት ማንኪያ በብርጭቆ ውኃ የሚበጠብጥ ቤተሰብ የሚያጠጣው ጣፋጭ ውኃ ነው።

የጂሙ ዱቄት፣ ዌይ ፕሮቲን የሚባለው፣ የሚናቅ አይደለም። አንድ 30 ግራም ማንኪያ ከ20 ግራም በላይ ንጹሕ ፕሮቲን ይሰጣል፤ አጥሚት ወይም ገንፎ ውስጥ ቢገባ ጣዕሙን ብዙ አይለውጥም። ጉልበቱ ግን ጥቂት ነው፣ ብቻውን አይበቃም። «ማስ ጌነር» የሚባለው በስኳር የተሞላ ስለሆነ ስኳሩ ለወጣ ሕመምተኛ አይሆንም፤ ካፌይንና ሌላ ማነቃቂያ የተቀላቀለበትን ጨርሶ አታስጠጉት። ታይዋን ገበያ የሚሸጥ ዱቄት ማሸጊያው የተነካ፣ ቀኑ የተፋቀ ወይም ፀሐይ ላይ የዋለ ከሆነ ርካሽነቱ አያታልላችሁ።

ፕላምፒናት ላይ አጭር ቃል። አንዱ 92 ግራም ከረጢት 500 ኪሎ ካሎሪና ወደ 13 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ለአዋቂም መርዝ አይደለም። ነገር ግን በከባድ የምግብ እጥረት ለተጎዳ ሕፃን የሚሰጥ እንጂ የሚሸጥ አይደለም፤ ገበያ ላይ ያገኛችሁት ከአንድ ልጅ እጅ የወጣ ነው። ዋናው ነገሩም ኦቾሎኒና ወተት ነው፣ ሁለቱም ሰፈራችሁ ይገኛሉ።

«ብግነት አጥፊዎቹ»

የዓሣ ዘይት ሐሳቡ ያሳምናል። ኢፒኤና ዲኤችኤ የሚባሉት ኦሜጋ ትሪ ቅባቶች የሴል ግድግዳ ውስጥ ገብተው ብግነት ቀስቃሽ ኬሚካሎች የሚሠሩበትን ቅባት ይተካሉ፤ ብግነት እንዲበርድ የሚያግዙ ሌሎች ኬሚካሎችም ከእነሱ ይመነጫሉ። በዚህ ምክንያት አሜሪካ ውስጥ ሳንባቸው በድንገት ለተጎዳ ታማሚዎች በቀን 10 ግራም ያህል ኢፒኤና ዲኤችኤ ከሌሎች ተጨማሪዎች ጋር ተሰጠ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲታተም ውጤቱ ተቃራኒ ነበር። 272 ሰዎች ከገቡ በኋላ ጥቅም የለውም ተብሎ ተቋረጠ፤ ዘይቱን የወሰዱት ያለ መተንፈሻ ማሽን የቆዩባቸው ቀናት አነሱ፣ ተቅማጥም በዛባቸው። የአውሮፓ የሕክምና ምግብ መመሪያ ከዚያ በኋላ በምግብ ደረጃ ያለ መጠን ሊሰጥ እንደሚችል፣ ከፍተኛው መጠን ግን የዘወትር አሠራር መሆን እንደሌለበት ጽፏል።

አሁን መደርደሪያዬ ላይ ያለውን እንክብል ተመልከቱ። 1,000 ሚሊ ግራም ይላል፤ ጀርባውን ስታነቡት ኢፒኤና ዲኤችኤው ተደምሮ ብዙውን ጊዜ 300 ሚሊ ግራም ነው። በዚያ ጥናት የተሰጠውን መጠን ለመድረስ በቀን ከ30 በላይ መዋጥ ያስፈልጋል። በቀን አንድ እንክብል በምግብ ደረጃ ያለ መጠን ነው፤ አይጎዳም፣ ተአምርም አይሠራም። በጅቡቲ መስመር የሚገባው የሰርዲን ቆርቆሮ ግን 100 ግራሙ ከ1 ግራም በላይ ኢፒኤና ዲኤችኤ አለው፣ ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲንም ይዞ ይመጣል። ከእንክብሉ ጋር አስተያዩት። ቱና በፕሮቲኑ ጥሩ ቢሆንም ኦሜጋው ከሰርዲን ያንሳል። ጨው ለተከለከለ ሰው ሁለቱንም አጠብ አድርጉት።

ተልባም ኦሜጋ ትሪ አለው ይባላል፣ እውነት ነው። ነገር ግን የተለየ ዓይነት ነው፤ ሰውነት ወደ ኢፒኤ የሚለውጠው ጥቂቱን፣ ወደ ዲኤችኤ ደግሞ እጅግ ጥቂቱን ነው። የተልባ ትክክለኛ ጥቅም ሌላ ነው። ትራማዶልና ሞርፊን የመሰሉ የሕመም ማስታገሻዎች እየወሰደ ለሳምንታት የተኛ ሰው ሆዱ ይደርቃል፤ ያበጠ ሆድ ደግሞ ምግብ አይቀበልም። በብዙ ውኃ የተሰጠ ተልባ ይህንን ለማላላት ሊያግዝ ይችላል። በቱቦ ግን በፍጹም፤ ይደፍነዋል።

ከፕሮቲን መገንቢያዎች አንዱ የሆነው ግሉታሚን ከሁሉም ይልቅ አስተማሪው ነው። በጉዳት ወቅት በደም ውስጥ መጠኑ ስለሚቀንስ «እንተካው» ማለት ምክንያታዊ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ትልቅ ጥናት ከአንድ በላይ የአካል ክፍላቸው የደከመ 1,223 ታማሚዎችን ይዞ ነበር። ግሉታሚን ከወሰዱት ከ100 ሰው 44 ያህሉ በስድስት ወር ውስጥ ሲሞቱ፣ ካልወሰዱት 37 ነበሩ። ለቃጠሎ ግን ይጠቅማል ተብሎ የአውሮፓው መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይቀር ይመክረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ከባድ ቃጠሎ የደረሰባቸው 1,200 ያህል ሰዎች ላይ ተፈትኖ ከሆስፒታል በሕይወት የሚወጡበትን ጊዜ አላሳጠረም። የጂም ዱቄት ላይ ግሉታሚን ተጨምሮበታል ብላችሁ ብር አትጨምሩ።

ቫይታሚን ሲ፦ በቃጠሎ የመጀመሪያ ሰዓታት በደም ሥር በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ የፈሳሽ ፍላጎትን ይቀንሳል የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ያ የሆስፒታል ሥራ ነው፣ ኩላሊት ላይ የኦክሳሌት ጠጠር የመጣል ስጋትም አለው። በደም መመረዝ ላይ ግን እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ቫይታሚን ሲ የወሰዱት የባሰ ውጤት እንደነበራቸው አሳይቷል። በቤት በኩል ዘይቱን፣ ፓፓዬና ብርቱካን በቂ ናቸው። 100 ግራም ዘይቱን ብቻውን ከ200 ሚሊ ግራም በላይ አለው፤ የአዋቂ የቀን ፍላጎት 100 እንኳ አይሞላም።

ዚንክ በሰፊ ቃጠሎ ከቁስሉ በሚወጣው ፈሳሽ ይጠፋል፤ ስለዚህ የተቃጠለ ሰው ላይ ጥያቄው ትክክል ነው። ለሌላው ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ በቀን ከ40 ሚሊ ግራም አትለፉ፤ ለረጅም ጊዜ ሲበዛ መዳብን ያሳጣል፣ ማቅለሽለሹም ያለችውን የምግብ ፍላጎት ይወስዳል። ቫይታሚን ዲ ለጽኑ ሕሙማን በአንድ ጊዜ በ540,000 ዩኒት ተሰጥቶ የሞት ቁጥር አልቀነሰም። ፕሮባዮቲክ የሚባለው የጠቃሚ ባክቴሪያ እንክብልም 2,650 ሰዎች ላይ ተሞክሮ የሳንባ ምች አልከላከለም፤ እርጎ የሚወድ እርጎውን ይብላ።

የብረት ሽሮፕ ብዙ ይጠየቃል፣ «ደም ፈሶታል» ተብሎ። ብግነት ሲኖር ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያበዛል፤ እሱ ደግሞ ብረት ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ይዘጋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት የሚዋጠው ብረት አብዛኛው በሰገራ ይወጣል፣ ሆድም ያደርቃል። ሕመምተኛው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ፣ ትኩሳቱ ጠፍቶ ሲጀመር ይሻላል። ቀይ ሥር ጭማቂ ቀለሙ ነው እንጂ ደም አይሞላም።

እርድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽ፣ ማር

ወጥ ውስጥ ያለ እርድ ምንም አይልም። እንክብሉ ሌላ ነገር ነው። እርድ ብቻውን ወደ ደም እምብዛም ስለማይገባ ከቁንዶ በርበሬ የወጣ ንጥረ ነገር ይጨምሩበታል፣ ያ ደግሞ የሌሎች መድኃኒቶችን መጠን ሊለውጥ ይችላል። ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ወይም ዋርፋሪን የሚወስድ፣ ወይም ነገ ቀዶ ሕክምና የሚገባ ሰው አይውሰደው። አብሽና ጥቁር አዝሙድ ስኳር ዝቅ ያደርጋሉ፤ ኢንሱሊን እየተሰጠው ከሆነ ለነርሷ ንገሯት። ለስብራት ተብሎ የሚሰጠው የአብሽ መጠጥ ላይ ክፋት አላይበትም፣ በተለይ ወተት ከገባበት። ማር ስኳር ነው፤ ክፍት ቁስል ላይ የገበያ ማር መቀባትን ግን ተዉት።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምግብ ፍላጎት የሚገድለውን ነገር ማንም አያነሳውም፤ ጫት ነው። ረሃብን ይዘጋል፣ ጨጓራ ምግብ ወደ አንጀት የሚያሳልፍበትን ፍጥነት ይቀንሳል፣ ሆድ ያደርቃል። በርጫ የለመደ ሰው አልጋ ላይ ሆኖ በድብቅ አንድ እግር ጫት ቢቀርብለት፣ የዚያን ዕለት ምሳና እራት ጠፋ ማለት ነው። ጓደኞቹን በር ላይ አነጋግሯቸው።

ለየትኛው ሕመምተኛ የትኛው?

ጭንቅላቱ የተመታ ሰው በመጀመሪያ መዋጥ መቻሉ ይረጋገጥ። ትንሽ ውኃ ሲቀምስ የሚያስለው ከሆነ አጥሚትም አትስጡት፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ቱቦ ይጠየቅለታል፣ ሲመገብም ራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ይላል። በቱቦ የሚሄደው በትክክል የተበጠበጠ ዱቄት ወይም የሆስፒታሉ የሥነ ምግብ ባለሙያ የፈቀደው ፈሳሽ ይሁን። በእኛ ሙቀት የተበጠበጠ ዱቄት ከአራት ሰዓት በላይ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም።

እግሩ ወይም ገላው በከባድ ነገር ተጨፍልቆ የቆየ፣ ሽንቱ የኮካ ኮላ ቀለም ያመጣ፣ ወይም በኩላሊት ምርመራ «ክሪያቲኒን ከፍ ብሏል» የተባለ ሰው ከሌላው ይለያል። ሙዝ፣ የብርቱካን ጭማቂ፣ የአጥንት መረቅና ማንኛውም የፕሮቲን ዱቄት ከሐኪሙ ጋር ሳትነጋገሩ አይሰጡ፤ ችግሩ ፖታሲየም ነው፣ ልብ ያቆማል።

ከአምስት ቀን በላይ እህል ያልቀመሰ ሰው ላይ ደግሞ አትጣደፉ። በአንድ ቀን ሙሉ ምግብ ከወረደበት በደሙ ያለው ፎስፌትና ፖታሲየም በድንገት ይወርዳል። ቫይታሚን ቢ ዋን መጀመሪያ፣ ምግቡ በጥቂቱ፣ በየቀኑ እየጨመረ።

ስኳር ላለበት ሰው ማልትና የታሸገ ጭማቂ ይቅር፤ እንቁላል፣ ምስርና ያልጣፈጠ ወተት ይግባ። በሁዳዴም ሆነ በረመዳን መጾም የሚፈልግ ካለ የንስሐ አባቱን ወይም ሼኹን አልጋው ድረስ ጥሩለት፤ በሁለቱም እምነት ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ፣ ከቤተሰብ ይልቅ ከእነሱ አፍ ሲሰማው ይበላል። የእንስሳ ነገር አልነካም ካለ ምስር፣ ሽምብራ፣ የአኩሪ አተር ወተትና ኦቾሎኒ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጠኑ ከፍ ይላል እንጂ 90 ግራሙ ይሞላል።

ቆርቆሮ ከገዛችሁ የከፈታችሁበትን ቀን ክዳኑ ላይ ጻፉ። ኢንሹርን ከመሰሉት ዱቄቶች ብዙዎቹ ከተከፈቱ በኋላ በሦስት ሳምንት ውስጥ ማለቅ አለባቸው። ማቀዝቀዣ ውስጥ አይገቡም፣ ይረጥባሉ። የከዚራም ሆነ የመጋላ ቤት ውስጥ ከመስኮት የራቀ፣ ደረቅና ጥላ ያለበት ቦታ ፈልጉላቸው፤ ማንኪያውም ደረቅ ይሁን።